በየሊትሩ የምንከፍለው የመንገድ ብር እኛ ሰፈር ለምን አይደርስም?

ባለፈው እሁድ እድር ነበረን። እድሩ ራሱ አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ ያው ስም ተጠራ፣ የቀረ ተቀጣ፣ ድንኳኑ ተቀዷል ተባለ፣ አለቀ። ከዛ ጸሐፊያችን "አንዴ እንዳትነሱ" አሉና የመንገዱን ጉዳይ አመጡት። በየቤቱ 3,000 ብር ተዋጥቶ ሰሌክት (የመንገድ መደልደያ አፈር) እናስገልብጥ፣ ግሬደር እንከራይ፣ ክረምቱ ሳይገባ መንገዳችንን እናስደልድል ነው ነገሩ። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በበጋ አቧራ ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው (ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለምክንያት አይደለም)፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከተማው ሳህን ውስጥ የተቀመጠ ስለሚመስል ከዙሪያው የወረደ ጎርፍ ሁሉ እኛ ሰፈር አድሮ ነው የሚሄደው።

ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ሊስማማ ሲል ጎረቤቴ ተነሳ፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ። "እኔ አላዋጣም" አለ። ለምን ሲባል "እኔ በየቀኑ ቤንዚን ስቀዳ ለመንገድ እየከፈልኩ ነው፣ እዛው ዋጋው ውስጥ አለ፣ በዓመት በዓመት ቦሎ ስለጥፍም እከፍላለሁ፣ አንድ መንገድ ስንት ጊዜ ነው የሚገዛው?" አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዛ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፣ የሂሳብ ሰራተኛ ስለሆንኩ የመንግስትን ሂሳብ የማውቅ ይመስላቸዋል። እኔ የማውቀው የመስሪያ ቤታችንን የደሞዝ ፔሮል ነው እንጂ የነዳጅ ብር የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ። ግን "አጣርቼ እነግራችኋለሁ" ብዬ ተነሳሁ፣ አፌ ነው ያስያዘኝ።

እና ሳምንቱን ሙሉ ይሄንን ሳነብ ነው የከረምኩት፣ ሰው እየጠየቅኩ፣ አንድ ሁለት ቢሮም ሄጄ (አንደኛው ቢሮ "ነገ ና" አሉኝ፣ ነገ ስሄድ የሚመለከተው ሰው ስልጠና ላይ ነው፣ እሱን ተዉት)። ያገኘሁትን እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም በእድር ስብሰባ ላይ ይሄን ሁሉ ላስረዳ ብል ሻይ ሳይፈላ ሰው ይበተናል።

ልጁ በመጀመሪያው ነገር ልክ ነው። የመንገድ ፈንድ የሚባል አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመ። ዋናው ገቢው ከነዳጅ ላይ በየሊትሩ የሚቆረጥ ነው፣ ከዛ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ፈቃድ ሲታደስ የሚከፈል አለ፣ ከልክ በላይ ጭነው የተያዙ መኪኖች የሚቀጡትም እዛ ይገባል። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ መንገድ የበለጠ የሚጠቀም የበለጠ ነዳጅ ያቃጥላል፣ የበለጠ ያቃጠለ የበለጠ ይክፈል። ብሩ ከሌላው የመንግስት ባጀት ጋር እንዳይቀላቀልና ባጀት በጠበበ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የመንገድ ጥገና እንዳይሆን ነው ለብቻው ፈንድ የተደረገው። የሚያስተዳድረውም ቦርድ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፣ እንደውም በጣም ጥሩ ነው ብዬ ነበር ሳነበው።

ከዛ ክፍፍሉ ጋ ደረስኩ። ብሩ ለሶስት ነው የሚሄደው፣ ለፌዴራል መንገዶች፣ ለክልል መንገዶችና ለከተሞች። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የፌዴራሉ ነው፣ ክልሎች ይከተላሉ፣ የከተሞች ድርሻ ከሁሉም ትንሹ ነው፣ ለብዙ ዓመት ሲሰራበት የቆየው ከመቶ አስር አካባቢ ነው። ያ አስር ደግሞ ለአዳማ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ከተሞች ነው፣ ያውም አዲስ አበባን ከመሰለ ከተማ ጋር አንድ መሶብ ላይ ቀርቦ።

ይሄን ሳይ ለልጁ ልናደድለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ተረጋግታችሁ ስታስቡት ምክንያት አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር በእኛው ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው፣ የሀገሪቱ አብዛኛው የገቢና ወጪ ዕቃ በዛ መስመር ነው፣ ማታ ማታ የሚያልፉትን ተሳቢዎች ቆማችሁ ብትቆጥሩ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። የዛ አይነት መኪና በአንድ ሌሊት አስፋልት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ባጃጅ በዕድሜዋም አታደርሰውም። ያ መንገድ ከተሰነጠቀ ዘይቱም ስኳሩም ማዳበሪያውም ይወደዳል። ስለዚህ ትልቁ ወደ ትልቁ መሄዱ አይገርምም። የፍጥነት መንገዱን ደግሞ እዚህ ውስጥ አታስገቡት፣ ያ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የአዲስ አዳማ መንገድ የራሱ በር አለው፣ የገባ ይከፍላል፣ የሚያስተዳድረውም የራሱ ኢንተርፕራይዝ ነው። እድር ላይ አንዱ "ያ ሁሉ ብር በራችን ላይ እየተሰበሰበ" ብሎ ነበር፣ ግን እሱ ሌላ ሂሳብ ነው፣ በራችን ላይ ስለተሰበሰበ የኛ አይሆንም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የመንገድ ፈንድ ብር ለጥገና ነው። ለጥገናና ለመንገድ ደህንነት። አዲስ መንገድ አይሰራበትም። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ሲጀመር መንገድ የሌለው ሰፈር የሚጠገን ነገር የለውም! አስፋልት ያለው ሰፈር አስፋልቱ ሲቦረቦር ጥገና ይጠየቅለታል፣ የኛ ግን ከመጀመሪያውም አፈር ነው፣ አፈር ደግሞ "ተበላሸ" አይባልም፣ አፈር ነው በቃ። ስለዚህ ልጁ በየሊትሩ የከፈላት ሳንቲም መንገድ ላለው ሰፈር መንገድ ማቆያ ናት። ጎረቤቴ ሁለተኛው ላይ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሁለቴ እየከፈለ አይደለም፣ አንዴ ነው የከፈለው፣ ግን ለሌላ ሰው መንገድ።

እሺ ታዲያ አዲስ መንገድ በምን ብር ይሰራል? እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ታገሱኝ። የፌዴራል መንግስት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 62 ላይ አለ። ቀመሩ በአጭሩ አንድ ክልል ምን ያህል ወጪ ያስፈልገዋል፣ ራሱስ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል የሚለውን አይቶ ክፍተቱን ለመሙላት ነው የሚሞክረው። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ክልሎች በተራቸው ለወረዳና ለከተማ ጥቅል ድጎማ ያከፋፍላሉ። ጥቅል ማለት "ይሄ ለመንገድ፣ ይሄ ለውሃ" ተብሎ ያልታሰረ ማለት ነው። ነጻነት ነው ትላላችሁ። ነው፣ ግን የመምህር ደሞዝ አለ፣ የጤና ጣቢያ አለ፣ ደሞዝ ተከፍሎ ሲያልቅ ጥቅሉ ይፈታና ጨርቁ ብቻ ይቀራል።

የከተማ ውስጥ መንገድ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ስራ ነው፣ እንደ ቆሻሻ ማንሳት፣ እንደ ቄራ። የማዘጋጃ ቤት ስራ የሚሰራው በዋናነት ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ነው፣ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ ምናምን። ገጠር ቢሆን እንኳ በ2003 የተጀመረ ሁሉንም ቀበሌ በክረምት በበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ነበር፣ ወረዳዎች ናቸው የሚሰሩት። እኛ ገጠር አይደለንም፣ ከተማም ነን ለማለት ጫማችንን አይታችሁ ፍረዱ።

በመሀል የኮብልስቶን ዘመን ነበር፣ እሱን መርሳት ግፍ ነው። የዓለም ባንክ ብር ያለበት የከተሞች ልማት ፕሮጀክት በ2000 አካባቢ በ19 ከተሞች ሲጀመር አዳማ አንዷ ነበረች፣ ሀዋሳም ነበረች። በኋላ 44 ከተማ ሆነ፣ ከዛ 117። የዚህ ፕሮጀክት ብልሃቱ ብሩ ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ከተማው ይፈተናል፣ ዕቅድ አለህ ወይ፣ ሂሳብህን ኦዲት አስደርገሃል ወይ፣ ጨረታህ ግልጽ ነው ወይ፣ ያለህን ንብረት መዝግበሃል ወይ፣ በውጤትህ ልክ ነው የሚለቀቅልህ፣ ከተማውም ክልሉም ከራሳቸው ይጨምራሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስራ ስፈልግ ጓደኞቼ ድንጋይ ይጠርቡ ነበር፣ ዲግሪ ይዞ መሮ መጨበጥ ያኔ ወሬ ነበር፣ አሁን ከነሱ መሀል ኮንትራክተር የሆነ አለ። ከሰፈራችን ወደ አስፋልት የሚያወጣው መንገድ ያን ጊዜ ነው የተነጠፈው፣ ነዋሪውም አዋጥቶ። እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከጫፉ እስከ ቤታችን ያለው ሳይነጠፍ ቀረ፣ እናቴ እስከዛሬ "ድንጋዩ አልቆባቸው ነው" ትላለች።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አወራሁት። እሱ አሜሪካ ሚሺጋን ነው ያለው፣ ላንሲንግ የሚባል ከተማ፣ ኡበር ይነዳል። ሊያጽናናኝ መሰለኝ የጉድጓድ ፎቶ ላከልኝ። እውነት ለመናገር የኛን የሚያስንቅ ጉድጓድ ነው። እዛ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በስንጥቁ አስፋልት ስር ይገባል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ያብጣል፣ ቀን ሲሞቅ ይሰምጣል፣ ከዛ መኪና ሲያልፍበት ይፈነዳል። መጋቢት ላይ ሁለት ጎማ ፈንድቶበታል። እንደውም በነሱ አቆጣጠር በ2018 እዛ ገዢ ሆነው የተመረጡት ሴትዮ፣ ግሬቸን ዊትመር፣ የምርጫ መፈክራቸው "እነዚህን የተረገሙ መንገዶች እንጠግን" ነበር። በማግስቱ ዓመት የነዳጅ ታክስ በጋሎን 45 የአሜሪካ ሳንቲም ይጨመር ብለው ሀሳብ ሲያቀርቡ ግን ምክር ቤቱ አልተቀበላቸውም። መንገድ ይጠገን ሲባል የሚያጨበጭብና በምን ብር ሲባል የሚያጉረመርም የኛ እድር ብቻ አይደለም።

እሱ ግን የነገረኝ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። እዛ ክፍፍሉ በህግ የተጻፈ ነው፣ በ1951 በነሱ አቆጣጠር የወጣ ህግ ቁጥር 51 ይሉታል። የነዳጁ ታክስና የመኪና ምዝገባው ብር አንድ ቋት ይገባል፣ ለህዝብ ትራንስፖርትና ለሌሎች ነገሮች ከላይ ይነሳለታል፣ ከዛ የቀረው ከእያንዳንዱ 100 ብር 39 ብር ከ10 ለስቴቱ አውራ ጎዳናዎች፣ ልክ ያንኑ ያህል 39 ብር ከ10 ለካውንቲዎች፣ 21 ብር ከ80 ለከተሞችና ለመንደሮች። ስቴት ማለት እንደኛ ክልል፣ ካውንቲ ደግሞ እንደኛ ዞን በሉት፣ 83 ካውንቲ አላቸው። ኦሪገን የሚባለው ስቴት ደግሞ (በነገራችን ላይ የነዳጅ ታክስን በ1919 መጀመሪያ የጀመሩት እነሱ ናቸው፣ በጋሎን አንድ ሳንቲም) 50 ለስቴቱ፣ 30 ለካውንቲ፣ 20 ለከተማ ነው የሚከፋፈሉት። ዋናው ነገር አንድ ከንቲባ ጠዋት ተነስቶ የሚደርሰውን በካልኩሌተር ያወጣዋል፣ ለማንም ስልክ መደወል የለበትም።

ከተማ ለከተማ ሲካፈሉ ደግሞ ሁለት ነገር ነው የሚያዩት፣ የህዝብ ቁጥርና የመንገድ ርዝመት። ለዚህ ነው ከተሞቹ በየዓመቱ ካርታ ይዘው መንገዳቸውን አስመዝግበው የሚያጸድቁት፣ ያልተመዘገበ መንገድ ብር አያመጣማ። ይሄን ሲለኝ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። እና ደግሞ በረዶ! በዓመት በአማካይ ከ2 ሜትር በላይ በረዶ የሚጥልበት ካውንቲ ለበረዶ መጥረጊያ ተጨማሪ ይሰጠዋል። ቁጭ ብለው "እነዚህ ሰዎች በረዶ ይበዛባቸዋል" ብለው ፎርሙላ ውስጥ አስገቡት። እኔ ወዲያው የኛን አቧራ አሰብኩ። ጎርፉን አሰብኩ። የጎርፍ ሜትር ቢለካ አዳማ ከሀገሪቱ ስንተኛ እንደምትወጣ እግዜር ይወቅ።

የነሱም ቢሆን ጉድ አለው፣ የአክስቴ ልጅ ራሱ ነው ያማው። ርዝመት ሲቆጠር ሁለት ሌይን ያለው መንገድም አምስት ሌይን ያለው መንገድም አንድ ማይል አንድ ማይል ነው፣ ስለዚህ ሰፊና የተጨናነቀ መንገድ ያለው ከተማ ይጎዳል። ህጉ የወጣው በ1951 ነው፣ ያኔ የነበረው ከተማና አሁን ያለው ከተማ አንድ አይደለም። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ነዳጅ ሲቀዱ ከነዳጁ ታክስ ሌላ 6 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ይከፍሉ ነበር፣ የዛ አብዛኛው የሚሄደው ግን ለትምህርት ቤት ነው። ሰዉ ማደያ ላይ የከፈለው ሁሉ መንገድ የሆነ ይመስለዋል። የኛ የባጃጅ ሹፌር እዛ ቢሄድ የሚከራከርበት አያጣም ማለት ነው።

እንግዲህ የደረስኩበት ይሄ ነው፣ ትክክል ነኝ አልልም፣ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። እኛ ሰፈር ብር ያልደረሰው ትንሽ ስለተሰበሰበ ወይም አንድ ሰው ስለበላው ላይሆን ይችላል (የሚበላም የለም አላልኩም!)። የኛ መንገድ የትም ቦታ አልተቆጠረም። ለጥገናው ፈንድ መንገድ አይደለም፣ ለገጠሩ ፕሮግራም ገጠር አይደለም፣ ለኮብልስቶኑ ድንጋዩ አልቆ ነበር። አንድ ቢሮ የሄድኩ ጊዜ የሰፈራችንን ካርታ አሳዩኝ፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችኝ፣ መንገዳችን ካርታው ላይ መስመር ናት ስም የላትም ርዝመት የላትም። "ይሄ መተላለፊያ ነው" አለችኝ። እኔ "እህቴ፣ በዚህ መተላለፊያ በቀን ስንት ባጃጅ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ?" አልኳት። "የሚመዘገበው በደብዳቤ ሲጠየቅ ነው፣ ርዝመቱንና ስፋቱን ለክታችሁ በቀበሌ በኩል አምጡ" አለች። ሳትቆጣ ነው የነገረችኝ፣ እንደውም ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ።

እና ትናንት ቅዳሜ ለመለካት ወጣን። እኔ፣ የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ፣ አናጢው ጎረቤታችን 50 ሜትር ሜትሩን ይዞ፣ ባጃጁ ልጅም መጣ፣ "ባላዋጣም ሜትር መያዝ አያቅተኝም" ብሎ። ህጻናቱ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ "ምን ጠፋባችሁ?" ትላለች። መጀመሪያ ስንለካ 612 ሜትር መጣ። ጋሼ አላመኑም፣ ከላይኛው ጫፍ እንደገና አሉ፣ 627 ሆነ። ክርክር ተነሳ። አናጢው ነገሩን ያገኘው እሱ ነው፣ በመጀመሪያው ሜትሩን ጉድጓዶቹ ላይ ወጥረን ነው ያሳለፍነው፣ በሁለተኛው ደግሞ ልጁ ሜትሩን ይዞ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ እየገባ እየወጣ ነበር።

"እና የቱን እንጻፍ?" አልኩ።

"ገብተን የለካነውን ነዋ" አለ ልጁ፣ "እኔ በየቀኑ የምነዳው እሱን ነው፣ ሾኬን የጨረሰው እሱ ነው፣ ለጎሚስታ የምከፍለው በሱ ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ትንሽ አሰቡና የእድሩ መዝገብ ላይ 612 ብለው ጻፉ፣ "መንግስት ከላይ ነው የሚያየው" አሉ። ልጁ ሳቀ። ከዛ ኪሱ ገብቶ 500 ብር አወጣና "ይሄ ለመዋጮው አይደለም፣ ለደብዳቤው ፎቶ ኮፒ ነው" ብሎ ሰጣቸው። ጋሼ ተቀብለው ስሙ ፊት ለፊት መዋጮ በሚለው ስር መዘገቡት። እሱ አላየም፣ እኔ አይቻለሁ፣ ሰኞ ደብዳቤውን ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ።